ሥራ ላይ ያለ ፋይል ሲስተምን በአርሲንክና በስናፕሾት መጠባበቂያ መያዝ

ያለማቋረጥ የሚጻፍበትን ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ሥራ ሳያስቆሙ መቅዳት አስቸጋሪ የሚሆነው ቅጂው ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ሰዓታት በሚፈጅ ቅጂ ውስጥ መጀመሪያ የተነበበው ፋይል የማለዳውን፣ መጨረሻ የተነበበው የቀትሩን ይዘት ይይዛል። ሲደመር ዲስኩ በየትኛውም ቅጽበት ያልነበረው መልክ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት መሣሪያዎች ይጣመራሉ፦ ቅጽበቱን የሚይዝ ስናፕሾት፣ የተያዘውን ወደ ሌላ ማሽን የሚያደርስ ማመሳሰያ።

ከማመሳሰያዎቹ ስሙ የገነነው አርሲንክ ነው። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1996 ይፋ አደረጉት፤ ትሪጅል በ1999 ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ስልቱን በዝርዝር አስረድቷል። ተቀባዩ ማሽን በእጁ ያለውን አሮጌ ፋይል በእኩል ብሎኮች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት ቼክሰም (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ ቁጥር) ይልካል፤ አንዱ በቶሎ የሚሰላ፣ ሌላው ጠንካራ። ላኪው አዲሱን ፋይል ባይት በባይት እየተንሸራተተ በቶሎ በሚሰላው ቼክሰም ይፈትሻል፣ የገጠመውን በጠንካራው ያረጋግጣል፣ ያልገጠመውን ብቻ ይልካል። በዚህ ብልሃት ፋይሉ መሐል አንድ ባይት ቢጨመር ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ አዲስ አይላክም። ጠንካራው ቼክሰም መጀመሪያ ኤምዲ4 ነበር፤ በ2008 በወጣው ስሪት 3.0 ወደ ኤምዲ5 ተቀየረ።

አርሲንክ የትኛው ፋይል እንደተለወጠ የሚለየው ግን በመጠኑና በመጨረሻ በተጻፈበት ሰዓት ነው። የእያንዳንዱን ፋይል ይዘት በቼክሰም እንዲያወዳድር ማዘዝ ይቻላል፤ ሥራ በሚበዛበት ዲስክ ላይ ይህን በየሌሊቱ ማድረግ ከጥቅሙ ጫናው የሚያመዝን ይመስላል። በዝርዝሩ የገባ ፋይል ሳይነበብ ከጠፋ አርሲንክ በኮድ 24 ይጨርሳል። ከስናፕሾት ሲቀዳ ይህ አይከሰትም። «ሊንክ-ዴስት» የተባለው አማራጭ ደግሞ ያልተለወጡትን ካለፈው ቅጂ ጋር በሃርድ ሊንክ (ለአንድ ይዘት በሚሰጥ ተጨማሪ ስም) ያገናኛል፤ የየዕለቱ ማህደር ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ቦታ የሚወስደው ግን የተለወጠው ብቻ ነው።

ስናፕሾትን በተመለከተ፣ የማከማቻ መሣሪያ አምራቹ የኔትአፕ መሐንዲሶች በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ዋፍል የተባለውን ፋይል ሲስተማቸውን ስናፕሾት አስተዋወቁ። ሌሎቹ ፋይል ሲስተሞች፣ ዜድኤፍኤስ በ2005 ኦፕን ሶላሪስ በተባለው ስርዓተ ክወና፣ ቢቲአርኤፍኤስ በ2009 በሊኑክስ ከርነል 2.6.29 መጡ። ሦስቱም አዲሱን ውሂብ በአሮጌው ላይ ስለማይጽፉ ስናፕሾት መያዝ ቅጽበታዊ ነው። ዊንዶውስም ስናፕሾት የሚይዝ ቪኤስኤስ የተባለ አገልግሎት አለው።

ዲስኮችን ቮልዩም ወደሚባሉ ክፍሎች የሚያደራጀው የሊኑክስ መሣሪያ የኤልቪኤም ነባር ስናፕሾት አሠራሩ ይለያል፤ በብሎክ ላይ አዲስ ሊጻፍ ሲል አሮጌው ይዘት ወደ ተመደበለት ቦታ ይቀዳል። ያ ቦታ ከሞላ ስናፕሾቱ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቦታ መመደብ፣ አርሲንክ እንደጨረሰም ስናፕሾቱን ማጥፋት ያስፈልጋል። ፋይል ሲስተሙ ኤክስኤፍኤስ ከሆነ፣ ዋናው በተከፈተበት ማሽን ላይ ስናፕሾቱን ማውንት ለማድረግ (ከፍቶ ለመጠቀም) «ኖ-ዩዩአይዲ» የተባለው አማራጭ ይጨመራል።

ዳታቤዝ ለብቻው ጥንቃቄ ይሻል። ስናፕሾት የሚይዘው መብራት ድንገት ቢጠፋ ዲስኩ ላይ የሚቀረውን ሁኔታ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ከዚህ ተነሥቶ ለውጦችን አስቀድሞ በሚጽፍበት መዝገብ ራሱን ያስተካክላል፤ ይህ የሚሆነው ውሂቡና መዝገቡ በአንድ ቅጽበት ከተያዙ ነው። በሁለት ቮልዩም ላይ ተለያይተው በየተራ ከተያዙ ቅጂው አይታመንም።

በዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ስናፕሾት መጠባበቂያ አይደለም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ዜድኤፍኤስ የተለወጡ ብሎኮችን በቀጥታ መላክ ስለሚችል አርሲንክ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ፋይሎቹ በሚሊዮን ሲቆጠሩ ፍጥነቱ እውነት ነው፤ ስናፕሾቱን መልሶ ለመክፈት ግን ተቀባዩም ዜድኤፍኤስ ሊኖረው ይገባል። አርሲንክ ተቀባዩን ያን አይጠይቅም። ብቻ የተለመደው የአርሲንክ «ኤ» (-a) አማራጭ ሃርድ ሊንክን፣ የመዳረሻ ፈቃድ ዝርዝርንና ተጨማሪ ባሕርያትን ስለማይጠብቅ ሦስቱ ለየብቻ መታዘዝ አለባቸው።