«አምስት መቶ ስፔናዊ ሚሊዮኖችን አሸነፈ» እና ሌሎች ያልሆኑ ታሪኮች

አዲስ አበባ ኖሮ «ሜክሲኮ ወራጅ አለ!» ያላለ ሰው ያለ አይመስለኝም። አደባባዩ በሜክሲኮ ስም የተጠራው አገሪቱ ጣሊያን ኢትዮጵያን መውረሯን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። ሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የሜትሮ ጣቢያ አላት። «ሜክሲኮ» የሚለው ስም ደግሞ የመጣው ሜሺካ ከሚባል ሕዝብ ነው። እኛ አዝቴክ የምንላቸው ናቸው።

ስለ እነሱና ስለ ጎረቤቶቻቸው ብዙዎቻችን የምናውቀው በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ኮሎምበስ መጣ። ስፔኖች ወረሩ። ሕዝቡ አለቀ። ከሦስቱ ያለ ክርክር የምቀበለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥቂት መቶ ስፔናውያን በጠመንጃና በፈረስ ሚሊዮኖችን አሸነፉ»

ኤርናን ኮርቴስ በ1519 የሜክሲኮን ባሕር ዳርቻ ሲረግጥ አብረውት የነበሩት ወታደሮች 500 ገደማ፣ ፈረሶቹ 16 ነበሩ። ይህ እውነት ነው። ችግሩ ታሪኩ እዚያው ላይ መቆሙ ነው።

በዚያን ጊዜ ትላሽካላ የሚባል፣ ለሜሺካዎች አልገዛም ያለ ግዛት ነበር። ዙሪያውን ስለተከበበ ጨውና ጥጥ እንኳ እንደ ልብ አያገኝም ነበር። ትላሽካላዎች መጀመሪያ ኮርቴስን ራሱን ወጉት። ከዚያ መከሩና ከጠላታቸው ጠላት ጋር ቃል ኪዳን ገቡ።

ሰኔ 30 ቀን 1520 ማታ ሜሺካዎች ስፔኖቹን ከዋና ከተማቸው ከቴኖችቲትላን አባረሯቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ስፔናውያን ሞቱ። ጠመንጃውና ፈረሱ አላዳናቸውም። የተረፉት ነፍሴ አውጪኝ ብለው የሸሹት ወደ ትላሽካላ ነበር። ቁስላቸው ያገገመው፣ ስንቃቸው የተሞላው እዚያ ነው። ከተማዋ በሐይቅ ላይ ስለነበረች ለከበባው 13 ጀልባ ተሠራ። ጀልባዎቹ ፈርሰው፣ ሳንቃው በአገሬው ሰው ትከሻ ተራራ ተሻግሮ ነው ሐይቁ ዳር የደረሰው። ነሐሴ 13 ቀን 1521 ከተማዋ ስትወድቅ ከከበቧት መካከል ስፔናውያን ትንሿ ክፍል ነበሩ። የቀሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገሬው ተዋጊዎች ናቸው።

ፔሩም ቢሆን ብዙ አይለይም። ፍራንሲስኮ ፒሳሮ በ1532 ካሃማርካ ላይ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ሲይዝ 168 ሰው ነበረው። ግን አታዋልፓ ከወንድሙ ከዋስካር ጋር አገር ያፈረሰ የእርስ በርስ ጦርነት ጨርሶ ገና እፎይ እያለ ነበር። እንደ ካኛሪ ያሉ፣ በኢንካዎች ያዘኑ ሕዝቦች ከስፔኖቹ ጎን ተሰለፉ።

«ታዲያ ከሃዲዎች ናቸው» የሚል አይጠፋም። አንድ አገር ሲኖርህ አይደል የምትክደው? ትላሽካላው ሜሺካ አይደለም። «ኢንዲያን» የሚለው የጋራ ስም ራሱ ከውጭ የመጣ ነው።

«ማሊንቼ ሕዝቧን ሸጠች»

የኮርቴስ አስተርጓሚ ማሊንትዚን ወይም ማሊንቼ ትባላለች። በሜክሲኮ የባዕድ ነገር የሚያመልክ ሰው እስከ ዛሬ በእሷ ስም «ማሊንቺስታ» ተብሎ ይሰደባል። እሷ ግን በ1519 ታባስኮ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ለስፔኖቹ በስጦታ የተሰጠች ባሪያ ነበረች። የሜሺካዎቹን ቋንቋ ናዋትልንም፣ ማያንም ትችል ስለነበር ተፈለገች። የተሸጠችው እሷ ሆና ሳለ ሻጭ መባሏ ይገርመኛል።

«አምላክ መስሏቸው እጃቸውን ሰጡ»

ኮርቴስ ጉራ አይፈራም። ለንጉሡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን አምላክ መስያቸው ነበር አላለም። ኬትሳልኮአትል የተባለው አምላክ ተመልሶ መጣ ብለው ተቀበሉት የሚለው ታሪክ የተስፋፋው ወረራው ካለፈ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም የሚመች ታሪክ ነበር።

«የጨረሳቸው በሽታ ነው፤ ማንም ጥፋት የለበትም»

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ፈንጣጣ አሰቃቂ ነበር። በ1520 ሜክሲኮ ውስጥ ሲዛመት ከሜሺካው ንጉሥ ከሞክቴሱማ ቀጥሎ የነገሠውን ኩይትላዋክን ሳይቀር ገደለው። በ1545 እና በ1576 የመጡት ወረርሽኞች ደግሞ ሜክሲኮን እንደገና አራቆቷት።

ግን ኮሎምበስ የሰፈረባትን ደሴት፣ ኢስፓኞላን እንይ። ዛሬ ሃይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይካፈሏታል። የደሴቲቱ ሰዎች ታይኖ ይባላሉ። በ1514 ስፔኖቹ ሠራተኛ ለመከፋፈል ሲቆጥሯቸው የተገኙት 26,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ስንት እንደነበሩ ምሁራን ይከራከራሉ፤ ቁጥሩ በጣም ማሽቆልቆሉን ግን የሚክድ የለም። ፈንጣጣ ደሴቲቱ የገባው በ1518 መጨረሻ ላይ ነው። ማለትም ከቆጠራው አራት ዓመት በኋላ። ሌላ በሽታ ቀድሞ አልገባም ማለቴ አይደለም። ሰው ግን ለወርቅ ቁፋሮ ከቀዬው ሲነቀል ማሳው ጦም ያድራል፣ ልጅ አይወለድም፣ ረሃብ ይገባል። የተራበና የደከመ ሰው ላይ በሽታ ሲመጣ ደግሞ ውጤቱን መገመት አይከብድም።

ፖቶሲን እንጨምር። ዛሬ ቦሊቪያ ውስጥ ነው። በ1545 ተራራው ሙሉ ብር ተገኘበት። በ1570ዎቹ እንደራሴው ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ ሚታ የሚባለውን የኢንካዎች የሥራ ግዴታ ለማዕድኑ አዋለው። ከ16 አውራጃዎች፣ ከሰባት ወንድ አንዱ፣ በየዓመቱ 13,000 ያህል ሰው። ሚስትና ልጅ አስከትለው፣ ላማ ጭነው፣ ሳምንታት ተጉዘው ነው የሚደርሱት። ከዚህ ለማምለጥ አንዱ መንገድ መንደር ጥሎ መሄድ ነበር፤ በሌላ አካባቢ በእንግድነት የተቀመጠ ሰው ሚታ አይደርስበትም። በቆጠራ ላይ «ጠፋ» የተባለው ሰው ሁሉ የሞተ አልነበረም። ከፊሉ ሸሽቶ ነው። ሚታ በሕግ የቀረው በ1812 ነው።

«የስፔን ንጉሥ ሕግ አውጥቶላቸው ነበር»

አዎ፣ አውጥቶ ነበር። በ1511 መነኩሴው አንቶኒዮ ደ ሞንቴሲኖስ ኢስፓኞላ ውስጥ ባለችው ሳንቶ ዶሚንጎ ስለ ታይኖዎቹ ሰፋሪዎቹን ፊት ለፊት «እነዚህስ ሰዎች አይደሉም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። በ1512 ሕግ ወጣ። በ1542 የባሰ ጠንካራ ሕግ ወጣ፤ ሰፋሪዎች ኤንኮሚየንዳን፣ ማለትም የተመደቡላቸውን ገባሮች፣ ለልጆቻቸው እንዳያወርሱ የሚከለክል። ፔሩ ውስጥ ሰፋሪዎቹ አመፁ፤ ሕጉን ሊያስፈጽም የመጣውን እንደራሴ ብላስኮ ኑኜስ ቬላን በ1546 ገደሉት። ንጉሡ የውርስ ክልከላውን አስቀድሞ በ1545 አንስቶት ነበር። የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት እንዲያውም ለማይመቻቸው ትእዛዝ የታወቀ ምላሽ ነበራቸው፦ «እታዘዛለሁ፣ ግን አልፈጽምም።»

«ዛሬ የሉም»

የመጨረሻዋ ነፃ የማያ ከተማ ኖህፔቴን የወደቀችው በ1697 ነው፤ ከቴኖችቲትላን 176 ዓመት በኋላ። በቺሌ ማፑቼ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከ1598 ጀምሮ ስፔኖቹን ከቢዮቢዮ ወንዝ በስተደቡብ ካሉት ከተሞች አስወጧቸው። በ1641 ስፔን ወንዙን ድንበር አድርጋ ውል ተዋዋለቻቸው። ምድራቸውን በጦር የያዘችው ነፃ የወጣችው ቺሌ ናት፣ በ1880ዎቹ።

የኢንካዎቹ ቋንቋ ኬቹዋ ዛሬ በሚሊዮኖች ይነገራል። ናዋትልን በ2020 በተደረገው የሜክሲኮ ቆጠራ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረው ነበር። «ቲማቲም»፣ «አቮካዶ» ስንል እኛም ሳናውቅ የናዋትል ቃል እየጠራን ነው። ፓራጓይ ደግሞ የጉድ ናት። እዚያ የነባር ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ጓራኒ ከ1992 ጀምሮ ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ የሚናገሩትም ራሳቸውን ነባር ሕዝብ ብለው የማይጠሩ ብዙ ሰዎች ጭምር ናቸው።