የተማሪ መድኃኒት፣ አለርጂና ክትባት፦ በጎጃም ትምህርት ቤቶች ዙሪያ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጎጃም ገጠር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነርስ የተመደበበት ክፍል ማግኘት ብርቅ ነው። ያለው የክፍል ኃላፊ መምህር ነው፤ የጤና ክበቡን የሚያስተባብር የሳይንስ መምህርም ይኖራል። አንድ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ይገኝ ይሆናል። ከቀበሌው ጤና ኬላ ደግሞ አልፎ አልፎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትመጣለች። አቅሙ ባላቸው አገሮች ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን ምግብና የተከተበውን ክትባት ጽፎ ፈርሞ ያስረክባል፤ መድኃኒቱንም ነርሷ ቆልፋ ትይዛለች። ነርሷን ዛሬ ማምጣት አንችልም። ለጽሑፉ ግን አንድ ሉክ ወረቀት ይበቃል። ያን ወረቀት እንዳንጽፍ የሚያደርጉን፣ በየደጁ የሚሰሙ አባባሎች ናቸው።

«የልጄን ሕመም ትምህርት ቤቱ ካወቀ ስሙ ይጠፋል»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች። ወላጅ ይደብቃል፣ ልጁም እንዲደብቅ ይመከራል። አንድ ቀን በጠዋት ሰልፍ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ ሲወድቅ መምህሩ ምንም ስለማያውቅ ከአካባቢው የተማረውን ያደርጋል። ክብሪት ጭረው ጭሱን ያሸቱታል፣ በጥርሱ መሐል ማንኪያ ያስገባሉ፣ እጅና እግሩን ጨምድደው ይይዛሉ። ጓደኞቹ ደግሞ አረፋው ይተላለፋል ብለው ይሸሻሉ።

በሽታው የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥራ ለአፍታ ሲዛባ የሚመጣ ነው። በለሃጭም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም አይተላለፍም። የክብሪት ጭስ አያስቆመውም፤ ማንኪያውም ጥርስ ይሰብራል እንጂ ምላስ አያድንም። የሚፈለገው ቀላል ነው፦ ድንጋይና ወንበሩን ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ሹራብ ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት መመልከት። ብዙውን ጊዜ በ2 እና በ3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ካንቀጠቀጠው፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ይህን አስቀድሞ የተነገረው መምህር አይደነግጥም፤ መምህሩ ካልደነገጠ ተማሪውም አይሸሽም። ስም የሚጠፋው በድንጋጤው ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ከደጀን ወይም ከሞጣ ዙሪያ ገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ እሑድ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። በሶውና ዳቦ ቆሎው አይረሳም፤ የሚጥል በሽታው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ግን ይረሳል፣ ወይም ያልቅና «ደህና ነኝ እኮ» ተብሎ ይተዋል። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ያም ሕይወት ያጠፋል። እናትና አባት ሩቅ በሆኑበት ከተማ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ካላወቀ የሚያውቅ አዋቂ የለም።

የበሽታውን ስም ለሁሉ ማውራት አያስፈልግም። ወላጅ የሚያምነውን አንድ መምህር መርጦ ይነግረዋል፤ መምህሩም ለሚኒ ሚዲያም ለቡና ሰዓት ጨዋታም አያወጣውም። እንደ ኤችአይቪ ያለውን፣ መድኃኒቱ በአብዛኛው በቀን 1 ጊዜ ቤት ውስጥ የሚወሰደውን፣ ትምህርት ቤት ማከማቸትም አያሻም። ሁለት ሰዓት ፈቃድ የሚጠይቅ የክትትል ቀን ካለ ግን ሳይጠየቅ የሚፈቅድለት አንድ ሰው ቢኖር ልጁ ቀጠሮ አያሳልፍም።

«በጾም መድኃኒት አይቀመስም፤ ጸበል የጀመረ ክኒን ይተዋል»

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ልጅ የጠዋቱን መድኃኒት ዝም ብሎ ይዘለዋል። ለማንም አይነግርም፤ ጥፋት ያደረገ አይመስለውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ለታመመ ሰው ጾምን አታስገድድም፤ የንስሐ አባቱን የጠየቀ ወላጅ ይህን ይሰማል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ አስተምረዋል።

አንዳንዱን መድኃኒት ባለሙያው ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዛውረው ይችላል። የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ግን የተለየ ነው። እሱ መርፌውን ለጸበል ብሎ ቢተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ወግቶ ሳይበላ ከዋለ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ክፍል ውስጥ ራሱን ይስታል። ይህ ልጅ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይኑረው፤ በትምህርት ሰዓት እንዲበላውም መምህሩ ይፍቀድለት።

«የትል መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው»

ይህ ከኮሶ የመጣ ልማድ ነው። አባቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ጦማቸውን አድረው ነበር። ስለዚህ «ነገ የትል ክኒን ይሰጣል» ሲባል ልጁ ቁርስ ሳይበላ ይላካል። በጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ ባለበት አካባቢ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ግን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የራስ መዞር ያበዛል። ከምግብ በኋላ ሲወሰድ ይቀላል። እንግዲህ አስቡት፦ ሳይበላ የሄደ ልጅ መራራውን ክኒን ውጦ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሲያስመልስ፣ ከኋላው ያሉት አይተው ይበተናሉ፤ ማታ ደግሞ መንደሩ «መርዝ ሰጧቸው» ይላል። ያን ሁሉ ያመጣው ያልተበላ አንድ ቁራሽ እንጀራ ነው።

ሌላው ቅሬታ የክኒኑ ቁጥር ነው፦ «ለጎረቤቴ ልጅ ሁለት፣ ለእኔ ልጅ ሦስት ለምን?» ፕራዚኳንቴል የሚሰጠው በክብደት ልክ ነው፤ ሚዛን በሌለበት በቁመት መለኪያ እንጨት ይገመታል። ረዥሙ ልጅ ብዙ ይውጣል። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል ግን ለትንሹም ለትልቁም ተማሪ ያው አንድ 400 ሚሊ ግራም ክኒን ነው። ትል በብዛት የነበረበት ልጅ ሆዱን ሊቆርጠው፣ ትሉም ሊወጣ ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል።

«አምና ወስዷል» የሚለውም አያዋጣም። በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ወንዝ የሚዋኝ ልጅ እንደገና ይያዛል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ዘመቻ በየጊዜው የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ለዚህ ሲባል ቤት ውስጥ ልጅን ኮሶ ማጠጣት ግን አይገባም። ኮሶ ዱሮም ለኮሶ ትል እንጂ ለብልሃርዝያ አልነበረም፤ መጠኑ ሲያልፍም ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

«አለርጂ የከተማ ልጅ በሽታ ነው»

የገጠር ልጅ ሁሉን ይበላል፣ አይቸገርም ይባላል። ከገጠር ምግቦቻችን አንዱን ብቻ ልጥቀስ፦ ግብጦ። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ይበቅላል፤ ለቀናት በወንዝ ውኃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ሲወጣ ይበላል፣ አረቄም ይወጣለታል። በሳይንሱ ግብጦ የኦቾሎኒ ዘመድ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ማሸጊያ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ ካስገደዳቸው 14 አለርጂ አምጪ ምግቦች ውስጥም አለበት። ያልተዘፈዘፈ ግብጦ የሚያመጣው ማዞርና ማስታወክ መመረዝ ነው፤ የሚበላውን ሁሉ ያገኛል። አለርጂ ግን በደንብ የተዘፈዘፈውን ሌሎቹ በሰላም ሲበሉ አንዱን ልጅ ብቻ የሚያሳብጥ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ደህና አልተዘፈዘፈም ነበር» ብሎ ማለፍ ልጁን ለሁለተኛው ጊዜ ያጋልጣል።

ንብ ደግሞ አለ። በየጓሮው ቀፎ በሚሰቀልበት አገር የንብ ንድፊያ ተራ ነገር ነው፤ ለብዙዎች እብጠትና ማሳከክ ሆኖ ያልፋል። አንዳንዱን ልጅ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነቱን ሁሉ ሽፍታ ያወጣበታል፣ ከንፈሩና ጉሮሮው ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ራሱን ይስታል። ለዚህ የሚያድነው መድኃኒት ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ሽሮፕ ማሳከኩን ይቀንስ ይሆናል፤ የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም። ቤት ውስጥ ጭቃ እየቀቡ፣ ወተት እያጠጡ መጠበቅም ያችን ጥቂት ደቂቃ ያባክናል። በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች አድሬናሊን በእስክሪብቶ መልክ ተዘጋጅቶ ከልጁ ጋር ይቀመጣል። እኛ ዘንድ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ውስጥ በባለሙያ እጅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር አስቀድሞ ይወስን፦ ማን ይሸከመዋል፣ በየትኛው ባጃጅ ወይም ሞተር፣ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ። ልጁን አስተኝተው እግሩን ከፍ አድርገው ይውሰዱት፤ ትንፋሽ ካጠረው ቁጭ ይበል። «ተነሥና ተራመድ» አይባልም።

«ፓፍ ይለምድበታል»

አስም ላለበት ልጅ የሚታዘዘው የሚነፋ መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። መጠኑ ከክኒኑና ከመርፌው እጅግ ያነሰ ሆኖ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ደጋግሞ የሚፈልገው ከሆነ በሽታው በቂ ሕክምና አላገኘም ማለት ነውና ወደ ሐኪም ይመለስ። ይህን መድኃኒት ግን እባካችሁ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ አትቆልፉት። ሌላው መድኃኒት በአዋቂ እጅ ይቀመጥ፤ ፓፉ ከልጁ ኪስ አይለይ። የጠመኔ ብናኝና የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ቁልፍ ያዡን አይጠብቁም።

«ራሱን ካመመው መምህሩ ክኒን ይስጠው»

አይስጠው። ወላጅ ሳይፈቅድ፣ ልጁ ምን እንደማይስማማው ሳይታወቅ ፓራሲታሞልም ቢሆን አይሰጥም። ከቤት የሚመጣውም በፌስታል የተቋጠረ፣ ስም የሌለው ክኒን አይሁን፤ በራሱ ማሸጊያ፣ የልጁ ስምና ሰዓቱ ተጽፎበት ይምጣ። ተማሪዎች አሞክሳሲሊን ተካፍለው ሲውጡ፣ ፍሬውን ፈልቅቀው ቁስል ላይ ሲነሰንሱ ያየ መምህር ይከልክል፤ አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ስለሆነ፣ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ልጅ ያ የጓደኛ ክኒን አደገኛ ነው።

«የልጃገረዶቹ ክትባት መካን ያደርጋል»

የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በ2 ዙር ነበር። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዙር በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ በማረጋገጡ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዙር ተሰጥቷል። የዙሩ መቀነስ ራሱ «ቀድሞውንም ችግር ነበረበት» ለሚል ወሬ በር ከፍቷል፤ ምክንያቱ ግን አንዱ ዙር በቂ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ክትባቱ ሂውማን ፓፒሎማ የሚባለውን ቫይረስ ይከላከላል። የማሕፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከዚህ ቫይረስ ነው፤ ከ100ው 70 ያህሉ ደግሞ 16 እና 18 ከተባሉት 2 የቫይረሱ ዓይነቶች። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ክትባቱም የሚጠቅመው ቫይረሱ ሳይገባ ነው። ልጅ ሳለች የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ስለ ልጅቷ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም። ማሕፀን የሚያሳጣው ካንሰሩና የካንሰሩ ቀዶ ሕክምና ነው። ክትባቱ ልጅ መውለድን አይነካም።

በክትባት ቀን ልጃገረዶች ሲወድቁ ይታያል፤ አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹ ይከተላሉ። ይህ ከመርፌ ፍርሃት፣ ከርኃብና ከመቆም የሚመጣ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ኤል ካርመን ዴ ቦሊቫር በምትባል ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች እንዲህ ሆነው ነበር፤ ምርመራው ከክትባቱ ጋር ግንኙነት አላገኘም፤ ወሬው ግን በአገሪቱ የሚከተቡትን ቁጥር ቁልቁል አወረደው። እኛስ ምን እናድርግ? ቁርስ በልተው ይምጡ፣ ተቀምጠው ይወጉ፣ ከዚያም 15 ደቂቃ በጥላ ይረፉ፤ ተሰላፊዎቹም የሚወጉትን ከፊት ለፊት አያዩ። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ልጃገረዶች ከአንድ በላይ ዙር ስለሚያስፈልግ፣ ያ ጉዳይ በሰልፍ ሳይሆን በሚከታተላት ባለሙያ በኩል በጸጥታ ይለቅ።

«ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከነካው ይሞታል»

በዚህ የተነሣ ልጁ ጨለማ ክፍል ይተኛል፣ ጤና ጣቢያም አይሄድም። የሚገድለው ግን ኩፍኙን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የአንጎል መቆጣት ነው። ጤና ጣቢያ የሄደ ልጅ በ2 ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ይህ ሞትንም ዓይነ ስውርነትንም ይቀንሳል። ትምህርት ቤቱን የሚመለከተው ቁጥር ደግሞ 4 ነው፦ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ፣ ከወጣም በኋላ 4 ቀን ይተላለፋል። ቫይረሱ ልጁ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ጊዜ በክፍሉ አየር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሲታመም በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መንገር ነው፤ ያልተከተበ የክፍል ጓደኛው ከታማሚው ጋር በተገናኘ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢከተብ ከበሽታው ሊተርፍ ይችላል።

«ካርዱ ጠፍቷል፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል?»

ላለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ቤተሰብም ተፈናቅሎ ስለነበር ይህ ጥያቄ በዝቷል። ጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው የክትባት መዝገብ አላቸው፤ በልጁና በእናቱ ስም ይፈለጋል። መዝገቡም ካልተገኘ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይጀመራል። የኩፍኝ ክትባት ቀድሞ የወሰደ ልጅ ቢደገምለት አይጎዳውም። ቀላል ጉንፋን ወይም ትንሽ ሳልም ክትባት አያስከለክልም። አዲሱን ካርድ ስትይዙ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ አንድ ቅጂም ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ስጡት።