ደመወዝ እያለ ረሃብ፦ የምግብ ባንክ ምንድን ነው?

የምግብ ባንክ ከአምራቾች፣ ከጅምላ ነጋዴዎችና ከትልልቅ መደብሮች የሚተርፈውን ምግብ ሰብስቦ ለተቸገሩ የሚያደርስ፣ በአብዛኛው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። የስያሜው ትርጉም እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የምግብ ባንክ የሚባለው መጋዘኑ ሲሆን፣ ለቤተሰብ የሚያድሉት ከመጋዘኑ የሚረከቡ አብያተ ክርስቲያናትና የሰፈር ማኅበራት ናቸው። በብሪታንያ ግን ባለጉዳዩ ራሱ ሄዶ ምግቡን የሚቀበልበት ቤት ነው።

ሐሳቡን ያመነጨችው አንዲት የተቸገረች እናት ነች ይባላል። ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ጡረተኛ ነጋዴ በአሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ድሆችን በሚመግብ ማዕድ ቤት በበጎ ፈቃድ ሲሠራ፣ መደብሮች ከሚጥሉት ምግብ ለቅማ ልጆቿን የምታበላ ሴት ያገኛል። ያለው የሚያስቀምጥበት፣ የሌለው የሚያወጣበት እንደ ባንክ ያለ ቦታ ቢኖር ምን አለ አለችው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ባቆመ ዳቦ ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን ከፈተ። በዓመቱ 125 ሺህ ኪሎ ያህል ምግብ አደለ። አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው የተከፈተው ፓሪስ ላይ፣ በ1984 ነው።

ወረፋው ላይ የሚቆመው ሥራ አጥ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት ኦዲተሮች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ የመንግሥት የምግብ ድጎማ ከሚያገኙት ደመወዝተኛ አዋቂዎች 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የሙሉ ሰዓት ሠራተኞች ነበሩ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ወዲህ ከ7.25 ዶላር ንቅንቅ አላለም፤ የቤት ኪራይ ግን አልጠበቀውም።

ከእጅ ወደ አፍ በሚኖር ቤት ኪራይ ቀኑን ጠብቆ ይከፈላል፣ መብራት ካልተከፈለ ይቆረጣል፣ ትራንስፖርት ከሌለ ሥራም የለም። ማንም ሳያውቅ ሊቀነስ የሚችለው ሆድ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋም የምትቀንሰው ብዙ ጊዜ እናት ነች፤ ለልጆቿ ታቀርብና «እኔ ቅድም በልቻለሁ» ትላለች። እንዲህ ያለው ረሃብ ከውጭ አይታይም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እሷም በሰዓቷ ሥራ ትገባለች።

መጋዘኑ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ጣሳ በጣሳ ያገላብጣሉ። ጎኑ ትንሽ የተጨፈለቀ ያልፋል፤ ያበጠ፣ የዛገ ወይም ስፌቱ ላይ የተጨፈለቀ ይጣላል። «ከዚህ ቀን በፊት ቢበላ ይመረጣል» የሚለው ማስታወሻ ስለ ጥራት እንጂ ስለ ደኅንነት ስላልሆነ፣ ቀኑ ያለፈበት ሁሉ አይወገድም።

አሠራሩ ሁለት ድክመት አለው። የሚታደለው የተገኘው እንጂ ቤተሰቡ የሚፈልገው አይደለም፤ የሕፃን ወተት ፈልጎ የመጣ ፓስታ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት የባሰው፣ ሰዓቱ ነው። ብዙዎቹ ማደያዎች የሚከፍቱት በሥራ ሰዓት ነው፤ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ምግቡን ለመቀበል የቀን ክፍያውን ማጣት አለበት። ይህን ያዩ አንዳንዶች ማታና ቅዳሜ መክፈት ጀምረዋል።