የነፍስ ወከፍ ገቢ ምንድን ነው?

የአንድ አገር የዓመት ገቢ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የነፍስ ወከፍ ገቢ ይባላል። ማካፈል ነው እንጂ ማከፋፈል አይደለም፤ ማን ስንት እንደደረሰው አይናገርም።

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አምስት ጀልባ ነጂዎች በወር 4,000፣ 5,000፣ 6,000፣ 7,000 እና 8,000 ብር ያገኛሉ እንበል። አማካዩ 6,000 ብር ነው፤ ያስኬዳል። በወር 294,000 የሚያገኝ ባለሆቴል ስድስተኛ ሆኖ ሲቆጠር ግን አማካዩ 54,000 ይደርሳል፤ ጀልባ ነጂዎቹ ኪስ ሳንቲም አልገባም። ገቢዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሀሉን መውሰድ ከእውነቱ ይቀርባል፤ እዚህ 6,500 ነው። ችግሩ፣ መሀሉን ለማግኘት ቤት ለቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለነፍስ ወከፍ ሁለት ቁጥር ይበቃል።

የሚካፈለው ገቢ ውስጥ የሚገባውና የማይገባው ብዙ ሰው ያሳስታል። ከጣና የወጣ ዓሣ ገበያ ሳይደርስ አጥማጁ ቤት ቢበላም፣ በደንቡ ዋጋው ተገምቶ ይመዘገባል። ወጡን የሠራችው እናት ድካም ግን አይቆጠርም፤ ያው ዓሣ ሆቴል ሲጠበስ የአብሳዩ ደመወዝ ይቆጠራል። እንቦጭ ለሚነቅል የቀን ሠራተኛ የተከፈለው ገንዘብ ገቢ ተብሎ ይደመራል፤ አረሙ ሐይቁ ላይ ያደረሰው ጉዳት አይቀነስም። አሜሪካ ያለች እህት የምትልከው ዶላርም፣ ስጦታ ስለሆነ፣ በቀጥታ አይገባም። ቤት ሲሠራበት ግን ግንባታው ይቆጠራል።

አካፋዩም ቢሆን ግምት ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በትንበያ ነው። ትንበያው ከእውነተኛው ሕዝብ በ10 በመቶ ካነሰ የነፍስ ወከፍ ገቢው በ11 በመቶ ያብጣል።

ከዚያ የዶላሩ ጣጣ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። በዓመት 60,000 ብር የሚያገኝ ሰው በ57 ሲሰላ 1,053 ዶላር፣ በ114 ሲሰላ 526 ዶላር አለው፤ ብሩ ያው ነው። የዓለም ባንክ አገሮችን ሲመድብ የሦስት ዓመት አማካይ ምንዛሪ የሚጠቀመው ይህን ዝላይ ለማለዘብ ነው። የኑሮ ደረጃ ለማወዳደር ግን በመግዛት አቅም የተስተካከለውን ቁጥር፣ ማለትም በየአገሩ ያለው የዋጋ ልዩነት የታሰበበትን፣ መፈለግ ይሻላል።

ዓመትን ከዓመት ስታወዳድሩ ደግሞ የዋጋ ንረቱን አውጡ። ገቢ ከ6,000 ወደ 7,200 ብር አድጎ ዋጋ በ25 በመቶ ከጨመረ፣ 7,200ን ለ1.25 አካፍሉ፤ 5,760 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የ20 በመቶ ዕድገት ተጽፏል፤ ገበያ ላይ ግን 4 በመቶ ጎድሏል።