ዱንክልፌልድ፦ ልጅ ከመጎዳቱ በፊት የሚጀምር ሕክምና

ዱንክልፌልድ በጀርመንኛ «ጨለማ ሜዳ» ማለት ነው። የወንጀል አጥኚዎች ለፖሊስ ሳይነገር፣ መዝገብ ሳይከፈትለት የቀረውን ወንጀል የሚጠሩበት ቃል ነው። በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት አብዛኛው እዚያ ጨለማ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ልጅ ይፈራል፣ ቤተሰብ ገመናዬ ይላል፣ አጥቂውም ብዙውን ጊዜ ቤት የሚገባ የቅርብ ሰው ነው። በርሊን በሚገኘው የሻሪቴ ሆስፒታል፣ በፕሮፌሰር ክላውስ ባየር መሪነት በ2005 የተጀመረው ፕሮጀክት ስሙን የወሰደው ከዚህ ቃል ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወሲባዊ ስሜታቸው ወደ ልጆች የሚያዘነብል ሰዎችን፣ ፍርድ ቤት ሳያስገድዳቸው በራሳቸው ፈቃድ መጥተው እንዲታከሙ ይጋብዛል። የሚጠበቀው ልጁ ነው፤ የሚታከመው ግን ትልቁ ሰው ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፔዶፊሊያ ገና ለአቅመ አዳምና ሔዋን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚያተኩር ዘላቂ ወሲባዊ ስሜት ነው። በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ደግሞ ድርጊት ነው፣ ወንጀልም ነው። ልጅ ለወሲብ ፈቃዱን ሊሰጥ አይችልም፤ በዚህ ላይ ሕክምናው ምንም ድርድር የለውም። ሆኖም ልጆችን ከሚያጠቁት መካከል ፔዶፊሊያ የሌለባቸው ብዙ ናቸው፤ ስሜቱ ኖሯቸው ልጅ ሳይነኩ የሚኖሩም አሉ። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም ሕመሙን ለመወሰን ስሜቱ ቢያንስ ለ6 ወር መቆየቱን፣ ሰውየው 16 ዓመት የሞላውና ከልጁ ቢያንስ በ5 ዓመት የሚበልጥ መሆኑን፣ በዚያም ላይ በስሜቱ ተነሳስቶ ድርጊት መፈጸሙን ወይም በስሜቱ መጨነቁን ይጠይቃል።

የበርሊኑ በር የተከፈተው በማስታወቂያ ነው። በየአደባባዩ የተሰቀለው ጽሑፍ «ልጆችን ራስዎ ከሚፈልጉት በላይ ይወዳሉ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከሥሩ ያለው መልእክት ሰውየው በስሜቱ ጥፋተኛ እንዳልሆነ፣ ለሚያደርገው ነገር ግን ሙሉ ኃላፊነት እንዳለበት፣ እርዳታም እንዳለ ይናገራል። የሚደውል ሰው በቅድሚያ በስልክ ይጠየቃል፤ ክስ እየታየበት ወይም በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ከሆነ በዚህ በር አይገባም። ቀጥሎ ረጅም የሐኪም ቃለ መጠይቅና የጽሑፍ መጠይቅ አለ። መዝገቡ የሚያዘው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። ክፍያ የለም።

ሕክምናው አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ አብዛኛው በሳምንት አንድ ጊዜ በቡድን የሚደረግ ውይይት ነው። እዚያ የሚሠራው ሥራ እጅግ ዝርዝር ነው። አንድ ሰው «ልጁ ራሱ ነው እኔን የሚወደኝ፣ እኔ ጋ መሆን ይፈልጋል» ቢል ቃሉ እንዲሁ አይታለፍም። ልጁ የፈለገው ምንድን ነው? ጨዋታ? ትኩረት? አባቱ ሥራ ውሎ ስለሚመሽበት አጠገቡ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው? ያንን ፍቅር ወደ ሌላ ነገር የተረጎመው ማን ነው? ተመሳሳይ ሰበብ ለራሳቸው ሲደረድሩ የኖሩት የቡድኑ አባላት ናቸው ቶሎ የሚይዙት፤ የቡድን ሕክምና ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የጥንቃቄ ዕቅድ ይጻፋል፦ ከልጅ ጋር ብቻውን አይቀመጥም፣ የጎረቤት ልጅ ጠብቅልን ሲባል እምቢ የሚልበት ምክንያት አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ኮምፒውተሩ ከመኝታ ክፍል ይወጣል፣ ብቸኝነትና መጠጥ ሲበረቱ የሚደወልለት ሰው ይታወቃል። ስሜቱን ወደ ሌላ መለወጥ የሕክምናው ግብ አይደለም፤ በሕክምና እንደሚለወጥ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለምና። ግቡ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ራሱን እንዲቆጣጠር ነው።

ንግግር ብቻውን ለማይበቃው መድኃኒት አለ። የወንድ ወሲባዊ ሆርሞን የሆነውን ቴስቶስተሮንን ከሚቀንሱት መካከል ብዙዎቹ ቀስ ብለው ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከመቀነሳቸው በፊት ሆርሞኑን ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርጋሉ። በስዊድን የካሮሊንስካ የሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች ደጋሬሊክስን የመረጡት ያንን ጭማሪ ስለማያመጣ ነው። በ2020 ባወጡት ጥናት 52 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ 240 ሚሊ ግራም ደጋሬሊክስ፣ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ ሰጡ። ልጅ የማጥቃት አደጋ የሚለካበት ነጥብ መድኃኒቱን ባገኙት ላይ በ2 ሳምንት ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ቀነሰ። ዋጋውም አብሮ መነገር አለበት፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት 2 ሰዎች ራስን የማጥፋት ሐሳብ በርትቶባቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ሆርሞኑ ለረጅም ጊዜ ሲቀንስ አጥንትም ይሳሳል። ስለዚህ መርፌው ያለ ሐኪም ክትትል አይሰጥም።

የበርሊኑ ውጤት ግን ገና ክርክር አለበት። በ2015 የታተመው ግምገማ 53 ታካሚዎችን ተራ ከሚጠብቁ 22 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ለጥቃት የሚገፋፉ አንዳንድ አስተሳሰቦች መሻሻላቸውን ገለጸ። በ2019 ሌሎች ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ቁጥሮቹን ደግመው ሲያሰሉ ግን ለውጡ በስታቲስቲክስ አልጸናም። ቡድኖቹ በዕጣ አልተመደቡም፣ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ በልጆች ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳዩ ምስሎችን ማየት ያላቆሙም ነበሩ። ይህን መሸሸግ ልጆችን አይጠቅምም። ካሮሊንስካ በኋላ ያካሄደው ጥናት ጠንከር ያለ ነው፦ ጨለማው ኢንተርኔት (ማንነትን ደብቆ የሚገባበት የኢንተርኔት ክፍል) ላይ የተገኙ 160 ሰዎች ማንነታቸውን ሳይገልጹ ለ8 ሳምንት በኢንተርኔት ታከሙ፤ እውነተኛውን ሕክምና ያገኙት የጥቃት ምስል በማየት የሚያጠፉት ጊዜ ከማነጻጸሪያው ቡድን የበለጠ ቀነሰ።

አሠራሩን ሁሉ የሚያቆመው ግን ምስጢር ነው። በጀርመን ሕግ ሐኪም የታካሚውን ምስጢር ያለ በቂ ምክንያት ካወጣ ራሱ ይከሰሳል፤ ያለፈ ጥፋትንም የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ የተጎዳ ልጅ ላለው ወላጅ ደግሞ ከዚያም በላይ። ነገር ግን ሪፖርት ማድረግ ሐኪም ላይ በግዴታ በተጣለባቸው አገሮች ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት ስለሚሸሽ፣ ከድርጊቱ በፊት የሚያገኘው የለም። በ2018 ወጪውን የጤና መድን ድርጅቶች መሸፈን ሲጀምሩ እንኳ የታካሚው ስም እንዳይደርሳቸው ሕጉ አመቻችቷል።

ከ2011 ወዲህ «ካይን ቴተር ቬርደን» (አጥቂ አትሁን) በሚል ስም እንደ ኪል፣ ሬገንስቡርግ፣ ላይፕሲግና ሃምቡርግ ያሉ ከተሞች ውስጥ ያሉ ክሊኒኮች በአንድ መረብ ተሳስረዋል። በ2014 ደግሞ በርሊን ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተለየ ክፍል ተከፈተ፤ ብዙዎች ስሜቱን መጀመሪያ የሚያስተውሉት በጉርምስና ዕድሜያቸው ነውና። እዚያ ወላጆችም የሕክምናው አካል ናቸው።