አስቴር አወቀ፦ ጎንደሬዋ ድምፃዊትና ባንዶቿ

አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ድምፃዊት ናት። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ከጎንደር የወጣችው ገና በልጅነቷ ነው። ለጎንደሬ ይሄ ምኑም አይደለም፤ «የኛው ልጅ ናት» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ዘፋኝ ያደረጓት ግን የአዲስ አበባ መድረኮች ናቸው።

የጎንደር አዝማሪ ሙያውን ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ይወርሳል። ባለ አንድ ጭራ መሰንቆውን አንግቶ ሠርግ ቤትም ጠጅ ቤትም ብቻውን ይገባል። ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ ሽልማቱንም እዚያው ይቀበላል። የከተማ ዘፋኝ ኑሮ ሌላ ነው። ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራምና ሳክስፎን ያስፈልገዋል። መሣሪያው ደግሞ በአብዛኛው የሆቴሉ ንብረት ነበር። ስለዚህ ዘፋኙ ባንድ ያለበትን ሆቴል እየተከተለ ይሠራል።

አስቴርም በዚሁ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሀገር ፍቅር ቴአትር ዘፍናለች። ከኮንቲኔንታል ባንድ፣ ከሸበሌ ባንድ፣ ከዳፍሪክ ሆቴል ባንድና ከአይቤክስ ባንድ ጋርም ሠርታለች። ጊዜው ደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ። ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጫ ስለሌለው ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወትለታል። ለጀማሪ ድምፃዊ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የነበረ አይመስለኝም።

ከባንዶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው አይቤክስ ነው። ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ሰላም ሥዩም ሊድ ጊታር ይጫወቱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን የሠራው ይኸው ባንድ ነው፤ ኋላ ሮሃ ባንድ ወደሚባለው ተለወጠ።

ከባንድ አውጥቶ ለብቻዋ ያስጀመራት ዓሊ አብደላ ኬይፋ ነው፤ ሰዉ የሚያውቀው ዓሊ ታንጎ በሚለው ስሙ ነው። ሙዚቃ ቤት ነበረው፣ ካሴቶቿን በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ሸክላው እየቀረ ካሴት የነገሠበት ጊዜ ስለነበር ድምጿ ሆቴል ገብቶ የማያውቀው ሰው ቤት ሁሉ ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደች። መጀመሪያ ካሊፎርኒያ፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን ዲሲ ተቀመጠች። እዚያም በሐበሻ ሬስቶራንቶች ትዘፍን ነበር። ትሪፕል ኧርዝ የተባለው የለንደን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1989 «አስቴር»ን፣ በ1991 «ካቡ»ን አወጣላት። አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈላት ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ነው። ፈረንጆቹ ከአሜሪካዊቷ የሶል ዘፋኝ ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር ያወዳድሯታል። አሬታን መስማቷ እውነት ነው፤ ግን ያ እንጉርጉሮ ከአሬታ ከተማ ከዲትሮይት አልመጣም። ቀደምቷን ድምፃዊት ብዙነሽ በቀለን የሰማ ሰው የት እንደተማረችው አይጠፋውም።

ከዚያ በኋላ «ሀገሬ» እ.ኤ.አ. በ1999፣ «ፍቅር» በ2006 ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አልበሟ «ጨጨሆ» ይባላል። ጨጨሆ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ያለ ስፍራ ነው። «የኛው ልጅ ናት» ለሚለው ጎንደሬ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።