«ዶዝ ማስተካከል» ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ከፋርማሲ መስኮት ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ። ሰሞኑን አንድ አባባል ይደጋገምብኛል፤ «ዶዙን አስተካክዬዋለሁ»። የሚሉኝ ለድብርትና ለጭንቀት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። እንዴት አድርገው እንዳስተካከሉት ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ሲከፋኝ ሁለት እውጣለሁ፣ ደህና ስሆን እተወዋለሁ።

በየስልኩ የሚዘዋወር አንድ ቪዲዮ አለ። ተናጋሪው «ሰውነታችሁን አዳምጡ፤ ደህና በዋላችሁበት ቀን ኪኒን ምን ያደርግላችኋል?» ይላል። ቅን ሰው ይመስለኛል። ግን ወንድሜ፣ ይሄ ዶዝ ማስተካከል አይደለም። የራስ ምታት ማስታገሻ አወሳሰድ ነው።

ዶዝ ማስተካከል ማለት ያዘዘው ባለሙያ ከታካሚው ጋር ተመካክሮ መጠኑን በደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረጉ ነው። በየደረጃው ላይ ደግሞ ሳምንታት ቆሞ ማየት። ሰዎች የሚዘሉት ይህቺን «ሳምንታት» የምትለዋን ነገር ነው።

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ይህ ይገባዋል። ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በሸሚዝ ተሳፍራችሁ ስትደርሱ ጋቢ ያሰኛችኋል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግን ብርዱ አይሰማም። እዚያ ላይ «ይሄ መንገድ ደሴ አያደርስም» ብሎ ከመኪና የሚወርድ የለም። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ኪኒኑን የሚጥል ሰው ግን ያንኑ እያደረገ ነው። ለድብርት የአንድ መጠን ውጤት የሚመዘነው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተቆይቶ ነው። ጭንቀት ያለበት ሰው እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ነው በትንሹ የሚጀመርለት፤ ለምሳሌ ሰርትራሊን የተባለው መድኃኒት ከ25 ሚሊግራም።

አሁን «ደህና ስሆን እተወዋለሁ» ወደሚለው ልመለስ። በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ለምሳሌ እናንሳ። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጅበታል። ጉበት ውስጥ ሲቀየር የሚፈጠረው፣ እንደ እሱው የሚሠራው ውህድ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ብትተዉት ዛሬ ምንም አይሰማችሁም። ነገም እንደዚያው። «ይኸው፣ ሳልውጠው ደህና ዋልኩ» ትላላችሁ። ደህና ያዋላችሁ ግን ባለፉት ሳምንታት የዋጣችሁት ነው። መውደቁ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከተዋችሁት ኪኒን ጋር ማንም አያገናኘውም። ሰርትራሊን በተቃራኒው በአንድ ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እሱን አንድ ቀን እየወሰዱ አንድ ቀን መተው መቀነስ አይደለም። ሰውነትን በየቀኑ ሽቅብና ቁልቁል ማንገላታት ነው።

ወደ ሐረጎ ልመልሳችሁ፣ መውረድ አለና። ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። የኛም መንገድ እንደዚያ ነው፤ በደረጃ የወጣ በደረጃ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜም ከወጣበት በዘገየ ማርሽ። አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚህ ገደሉ ያለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሜዳው ታየኝ በምትሉበት። በአንጎል ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የተለመደው ዝቅተኛ መጠን (ለፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም) ብቻውን ሴሮቶኒንን (በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል ነው) መልሰው ከሚስቡት በሮች 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። 40 ሲሆን የሚጨምረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከ40 ወደ 20 መውረድ ለብዙ ሰው ቀላል ነው። ከ20 ወደ ባዶ ግን ቁጥሩ ያው 20 ቢሆንም ሌላ ቁልቁለት ነው። «ግማሹን በአንድ ወር ቀንሻለሁ፣ ቀሪውንም በአንድ ወር» የሚለው ሒሳብ የማይሠራው ለዚህ ነው።

በፍጥነት የወረደ ሰው ያዞረዋል። ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል። ጭንቅላቱን እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር የሚያደርገውም አለ። ያኔ ቤተሰብ «ሱስ ሆኖበታል» ይላል። ሱስ አይደለም። ሱስ ያለበት ሰው መድኃኒቱ ያምረዋል፣ በራሱ እየጨመረ ይሄዳል። እዚህ ግን አንጎል የለመደው ነገር ድንገት ስለጎደለበት ነው። «ሱስ ካልሆነ በአንዴ ቢቆም ምን አለበት?» የሚለውም ስህተት ነው። አብሽሩ፣ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመልሶ ቀስ ማለት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር፦ እንዲህ ያለው ስሜት ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመጣል። የበሽታው መመለስ ግን በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ነው የሚገባው። በፍሉኦክሰቲን ይህ መለያ ይደበዝዛል፣ ራሱ ዘግይቶ ስለሚወጣ።

ባትጠይቁኝም ጥቂት ልጨምር፣ መስኮቱ ላይ የማየው ስለሆነ። ካፕሱል ከፍታችሁ ዱቄቱን በዓይን ገምታችሁ አትከፋፍሉ። የረሳችሁትን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት አትዋጡ። ለወገብ ሕመም ትራማዶል የምትገዙ፣ የድብርት መድኃኒት እንደምትወስዱ ንገሩን፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደገኛ የሴሮቶኒን መብዛት ሊያመጡ ይችላሉ። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ደግሞ የቤት ኪኒን አይደለም። ለጎረቤት ማይግሬን በትንሹ ታዞ ይሆናል። ሲበዛ ግን ልብን ይመታል፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያሻው በደስታ የሰከረበት፣ ገንዘብ የበተነበት ወቅት ያለው ሰው ይህን ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሕክምናው ይለያል። ከ25 ዓመት በታች ያሉትን ደግሞ መጀመሪያ ላይና መጠን ሲቀየር ቤተሰብ በቅርብ ይከታተላቸው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሕክምና ይኬዳል።

ጾም ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል። በቀን አንዴ የሚወሰደውን በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ወይም ለሱሁር ማድረግ ይቻላል። ሰዓት ማዛወር መጠን መቀየር አይደለም፤ ግን ለሐኪማችሁ ንገሩት። ጠበል ሲገቡ ኪኒን የሚያቆሙም ብዙ ናቸው። እምነታችሁን የሚነካ የለም። ጠበሉንም ኪኒኑንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል። በተለይ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የምትወጡ፣ መንገዱ ስለሚያቆይ ከመነሳታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል እለፉ። እስክትመለሱ ስንት ፍሬ እንደሚበቃችሁ አብረን እንቆጥራለን።